ሁለቱንም ዓይን ስጫቸው

ልጄ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት። «እንጀራ ጋጋሪ፣ ሊስትሮ፣ ጉልት ላይ የተቀመጡ እናት ስሥል ሰው ይስቅብኛል፤ አባቴም ‹ንግሥተ ሳባን ወይም አድዋን ብትሥዪ ገዢ ታገኚ ነበር› ይለኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?» ብለሽኛል። አባትሽን አትቀየሚው። የልጁ ጓዳ እንዳይጎድል የሚጨነቅ አባት ሌላ ምን ይላል? «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባለው ጆሮ ለነሣ ሰው ነው። አንቺ ግን ራስሽ ጠይቀሽ የመጣሽ ስለሆንሽ፣ እርሳስና ከሰል ይዤ ስኖር የታዘብኩትን ላጫውትሽ። ከጣመሽ ያዢው፣ ካልጣመሽ ተዪው።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንነሣ። የአገራችን የሥዕል አባቶች ያጸኑት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ጻድቁን፣ ሰማዕቱን፣ መልአኩን ፊት ለፊት አድርገው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ ይሥላሉ። ከሃዲውን፣ ሰቃዩን፣ ሰይጣኑን ግን በጎኑ አዙረው በአንድ ዓይን ያስቀሩታል። ይኸው ሥርዓት ወደ ጦርነት ሥዕልም ተሻግሮ፣ በአድዋ ሥዕሎች ላይ የእኛ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ጣሊያኑ በአንድ ዓይኑ ሆኖ እናየዋለን። እንግዲህ በእኛ አገር ዓይን መሣል ፍርድ መስጠት ነው። ማን ሙሉ ሰው ሆኖ እንደሚታይ የሚወስነው ቡሩሽ የያዘው ነው።

ታዲያ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው አለ። ጻድቅ ነው ተብሎ ሁለት ዓይን አልተሰጠው፤ ኃጥእ ነው ተብሎም አንድ አልተተወለት፤ ጭራሹን ግድግዳው ላይ የለም። ለመቅደሱ ውሃ የቀዳው፣ ለሠዓሊው ምሳ ያቀረበችው፣ ቀለም ሲወቅጥ የዋለው ልጅ። ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ እንኳ ከግርጌ ተደፍቶ ሲማጠን ይሣላል፣ ስሙም ይጻፍለታል። ቀለም ወቃጩን ግን ብትፈልጊ አታገኚውም። ተራ ሰው የምንለው ይህንን ነው። የአንቺ ሥራ ይህን ሰው ግድግዳው ላይ ማውጣትና ሁለቱንም ዓይን መስጠት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽ ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዝ ነው።

ወደ አባትሽ ነገር ልምጣ። ንግሥተ ሳባን ሣዪ አለሽ? መልካም። የአገር ባህል ሠዓሊዎች ያንን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍለው በአንድ ሸራ ላይ ያሰፍሩታል። ንግሥቲቱ ረጅሙን መንገድ ተጉዛ ከሰሎሞን ገበታ ትቀርባለች፤ ቅመም የበዛበትን ምግብ በልታ ትተኛለች፤ ሌሊት ይጠማትና ተነሥታ ውሃ ትጠጣለች። የነገሥታቱ የዘር ሐረግ ትረካ በሙሉ የተንጠለጠለው ሌሊት ጠምቷት በተነሣች አንዲት ሴት እጅ ላይ ነው። አድዋን ሣዪ አለሽ? ከአድዋ በፊት መቀሌ አለ። በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች ምሽጉን የለቀቁት በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃ ምንጩ ተይዞባቸው ጥም ስላቃጠላቸው ነው።

በላዔ ሰብን ደግሞ ጨምሪልኝ፤ ኪዳነ ምሕረት በተሣለችበት ቤተ መቅደስ አይጠፋም። 78 ነፍስ በላ የሚባለው ሰው መንገድ ላይ ውሃ የጠማው ለምጻም ያገኛል። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው አልሰማም፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ጊዜ 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን በሚዛን ተቀመጡ፤ እመቤታችን በጥላዋ ጋረደቻትና ውሃዋ መዘነች። የድሮ ሠዓሊ ሚዛኑን ብቻ ሥሎ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ውሃው ሲሰጥ ያለውንም ይሥላል፤ ወደ ታች ያዘነበለውን ቅል፣ ከሥሩ የተዘረጋውን የለምጻሙን እጅ። የነገሩ ማሰሪያ እዚያ እጅ ላይ መሆኑን ያውቃል።

ልብ በይ፤ በሦስቱም ታላላቅ ታሪኮች ውስጥ የሚፈርደው በየቤቱ፣ በየቀኑ የሚጠጣ ውሃ ነው። ስለዚህ «የዕለት ተዕለት ነገር ለታላቅ ሥዕል አይበቃም» የሚል ሰው ታላላቆቹን ሥዕሎች በደንብ አላያቸውም ማለት ነው። ለአባትሽ ይህን በትሕትና ንገሪው። አድዋን ለመሣል ከተነሣሽም ፈረሰኛውንና ሰይፉን ሌሎች ሥለውልሻል፤ አንቺ በሶ ፈጭታ፣ ስንቅ ቋጥራ፣ ከሠራዊቱ ኋላ በእግሯ የሄደችውን ሣዪ።

ሰው በቅርቡ ያለውን አያይም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኛ ለሠዓሊዎችም ነው። ሳስተምር ስንቱን አይቻለሁ! ርዕስ አጣሁ ብሎ የሚተክዝ ተማሪ፣ የሚተክዝበት መስኮት ሥር አንድ ሊስትሮ ቁጭ ብሎ የደንበኛውን ጫማ ይጠርጋል። ልጁ አንዱን እግር ሲጨርስ አፉን አይከፍትም፤ ሣጥኑን በቡሩሹ እንጨት ኳ ያደርጋታል፤ ደንበኛውም ዓይኑን ከጋዜጣው ሳይነቅል እግሩን ይለውጣል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ቃል ሲግባቡ ማለት ነው። ይህን ከመስኮቱ ሥር አድርጎ ርዕስ አጣሁ ማለት! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ሰምተሽ የለ?

ፈረንጁም ተራ ሰው መሣልን በቀላሉ አልተቀበለውም። ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1885 እ.ኤ.አ. ኑዌነን በምትባል የኔዘርላንድስ መንደር ተቀምጦ «ድንች በላተኞች»ን ሣለ። አምስት ገበሬዎች በአንዲት መብራት ሥር ተሰብስበው ከአንድ ሳህን ትኩስ ድንች ይበላሉ፤ በቀኝ በኩል ያለችው ሴት ቡና ትቀዳለች። ከአንድ ገበታ መብላት፣ ከምግብ ጋር ቡና፤ ከእኛ ሰፈር የወጣ አይመስልሽም? ወደ ሸራው ከመሄዱ በፊት የብርዱን ወራት የገበሬዎቹን ፊት አንድ በአንድ ሲሥል ነው ያሳለፈው። ለወንድሙ ለቴዎ እንደ ጻፈለት፣ ማሳየት የፈለገው ወደ ሳህኑ የሚዘረጋው እጅ መሬቱን የቆፈረው ያው እጅ መሆኑን፣ ሰዎቹም የሚበሉትን በላባቸው ያገኙት መሆኑን ነው። ሠዓሊ ወዳጁ ቫን ራፓርድ የሥዕሉን የድንጋይ ኅትመት አይቶ ክፉኛ ነቀፈው፤ በዚህም ወዳጅነታቸው ሻከረ። ዛሬ ሸራው አምስተርዳም ውስጥ በሠዓሊው ስም በተሠራው ሙዚየም ተሰቅሎ ሰው ከየአገሩ እየሄደ ያየዋል።

በዚያ ሥዕል ላይ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታናለች፤ ዓይኗን አናይም። ሆኖም ከገበታው እኩል ተካፋይ መሆኗን ማንም አይጠራጠርም። ይህን ያነሣሁት ሁለት ዓይን ስጪ ስልሽ ሰውን ሁሉ እንደ ጉርድ ፎቶ ፊት ለፊት አቁሚ ማለቴ እንዳይመስልሽ ነው። ጀርባም በአክብሮት ይሣላል። በግንባር ተሥሎ የተናቀ ሰው ደግሞ ስንት አለ!

አሁን ወደ እንጀራ ጋጋሪዋ እንምጣ፤ የሣቁብሽ በእሷ ነውና። ስትጋግር ቁጭ ብለሽ አይተሻታል ወይስ ከትዝታሽ ነው የሣልሻት? ማሰሻውን ይዛ ምጣዱን ስታስስ እጇ ፈጣንና ግዴለሽ ይመስላል። ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ስታመጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ትከሻዋ ይረጋል፣ የሚንቀሳቀሰው ከክርኗ በታች ነው፣ ትንፋሿን የያዘች ትመስላለች። እንጀራው ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ትደፋና ፊቷን ከጢሱ ታዞራለች፤ ለአፍታም እሳቱን ትታ የራሷን ነገር ታስባለች። ሰፌዱን ከሥር ሹልክ አድርጋ ስታነሣው አገጯ አብሮ ወደ ላይ ይላል። ከእነዚህ የትኛውን ነው የሣልሽው? እኔን ብትጠይቂኝ አክንባሎው ተደፍቶ እንጀራው እስኪበስል ያለችውን አፍታ እመርጣለሁ። እጇ ሥራ ፈትቷል፣ ሐሳቧ ሄዷል፤ ሰውዬዋ ያለችው እዚያ ነው።

በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር ከሆነች ግን ጢስ አትጨምሪባት። «ለሥዕሉ ያምራል» ብለሽ ያልነበረ ጢስ፣ ያልለበሰችውን ጥልፍ ቀሚስ፣ የሌለ ጎጆ ያስገባሽ ዕለት ሌላ ሰው ሣልሽ። በቸርችል ጎዳና ሱቆች የሚሸጠውን ታውቂዋለሽ፤ አንገቷ የረዘመ፣ እንስራ ያዘለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጎጆ ደጃፍ የቆመች ኮረዳ። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ሳሎን ውስጥም ተሰቅላለች። የአገር ናፍቆት ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ያቺን ኮረዳ ማን ያውቃታል? የማን ልጅ ናት? ሠዓሊዋ ራሱ አያውቃትም።

«ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላሉ። ሂጂና ተቀመጪ። ስልክሽ ያነሣውን ፎቶ እያየሽ መሣል ሰነፍ ያደርጋል፤ ስልኩ የሰውየውን ድምፅ፣ ሽታውን፣ መሰላቸቱን አይሰጥሽም። የታክሲ ረዳቱ ብሮቹን በቁመት አጥፎ በጣቶቹ መሐል ሲሰካ ፎቶ ብታነሺው ጣቶቹን ታገኛለሽ። አጠገቡ ስትሳፈሪ ግን መልስ ሲሰጥ የትኛውን ብር በየትኛው ጣት መሐል እንዳስቀመጠ ሳያይ እንደሚያውቅ ታያለሽ፤ ያን ጊዜ እጁን የምትሥዪበት መስመር ራሱ ይለወጣል።

ስትሄጂ ግን አስፈቅደሽ። ይህን ስነግርሽ ጥብቅ አድርጌ ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ»፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ያገኘውን ድሃ ሳይጠይቅ ያነሣል፣ ከዚያም ያሠራጫል። «እናቴ፣ ቢፈቅዱልኝ እዚህ ጥግ ሆኜ ልሥልዎ?» ማለት ምን ይከብዳል? እምቢ ካሉሽ አመስግነሽ ተነሺ። እሺ ካሉሽ ገበያቸውን አትዝጊ፣ ገዢ ሲመጣ ገለል በይ፤ ስትሄጂም ሽንኩርት ገዝተሽ ሂጂ። ንድፉን ሳታሳዪአቸው አትነሺ። «አፍንጫዬን አስረዘምሽው» ቢሉሽ አትከራከሪ፣ አይተሽ አስተካክዪ፤ አፍንጫቸውን ከአንቺ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። አትቸኩዪ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ለነጠላ ብቻ የተነገረ አይደለም። አንድ ሰው በቅጡ ለመሣል ደጋግመሽ መመለስ አለብሽ፤ በስንተኛው እንደሚሳካልሽ እኔም አልነግርሽም።

ከሁሉ የምፈራልሽ ንቀትን አይደለም፤ አዘኔታን ነው። ተራ ሰው ልሣል ብሎ የተነሣ ብዙው ሠዓሊ ጭስ ቀለም ይደባልቅና ሁሉን አልቃሻ ያደርገዋል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንዲሉ፣ የሌላው ችግር ለእሱ ጥላና ብርሃን መለማመጃ ይሆናል። ቁስል የሚሣልበት ጊዜ የለም እያልኩሽ አይደለም። ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ በወሎው ረሃብ ዘመን ረሃብተኞቹን ሲሥል፣ ረሃቡ እየተሸሸገ ነበርና ማሳየቱ ራሱ ምስክርነት ነበር። ጉልት ላይ ቲማቲም እየወለወለች የምትደረድረው ሴት ግን ቁስል አይደለችም። ሂሳብ አዋቂ ናት፤ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ በስንት እንደሚሸጥ ታውቃለች፤ ከጎኗ ካለችው ጋር ትሥቃለች፣ ትጣላለች፣ ዕቁብ ትጥላለች። አሳዛኝ አድርገሽ ብትሥያት አንድ ዓይኗን ነጠቅሻት ማለት ነው።

የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን የጉልት ሴቶች እያየሽ ተማሪ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። «የሕይወት ምሰሶዎች» ባሏቸው ተከታታይ ሥዕሎቻቸው ላይ ትናንሽ ነጋዴ ሴቶች፣ ከነዕቃቸው፣ ሸራውን ሞልተው ይቆማሉ። በእኔ ዓይን ሴቶቹ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ ቅዱሳን ይመስላሉ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ማንንም የማይለምኑ። ሠዓሊው አላዘኑላቸውም፤ አከበሯቸው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። የሳቸውን አሣሣል ግን አትቅጂ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ዓይናቸውን ተበደሪ እንጂ እጃቸውን ለራሳቸው ተዪላቸው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ሞኝ አትሁኚ፣ ወረቀቱን ግን ያዢ፤ የሚያልፈውን የሚያስቀረው እሱ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ውይይት የሚባል ታክሲ ነበር፤ ተሳፋሪው ከኋላ ፊት ለፊት ተደርድሮ ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ ይሄድ ነበር። የማያውቀው ሰው ላይ ላለማፍጠጥ ሁሉም ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይጠፋው ነበር። ለሠዓሊ እንደዚያ ያለ ወንበር የት ይገኛል? አሁን ሚኒባሱ ሁላችንንም ወደ ፊት አዙሮናል፤ የምናየው ማጅራት ነው። ውሃ ቀጂዋ እንስራውን በቢጫ ጀሪካን ስትለውጥ የጀርባዋ አጎነባበስም አብሮ ተለወጠ። የፒያሳ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ሕንፃውን ፎቶ ያነሣ ሞልቷል፤ በየደጃፉ ሰዎች እንዴት ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ እንደነበር የሣለ ግን ስንት ነው? ሐውልት ለማቆም መንግሥት አለ። አጎነባበስን፣ አቀማመጥን፣ የእጅ አያያዝን ለማስቀረት ግን ማንም ደመወዝ አይከፈለውም፤ አንቺም ብትሆኚ አይከፈልሽም።

የገንዘቡን ነገር ከጠራሁት አይቀር ልጨርሰው። ንግሥተ ሳባን ሥለሽ ብትሸጪ ነውር የለበትም፤ የቤት ኪራይ በንድፍ ደብተር አይከፈልም። የሳባን ታሪክ የሣሉ የቀደሙ አባቶችም የእጃቸው ጥበብ ቀላል አልነበረም። የምለምንሽ ሁለቱን እንዳታምታቺ ብቻ ነው። ለገበያ የምትሥዪውን በንጽሕና ሣዪ፣ ሽጪ፣ ኪራይሽን ክፈዪ፤ ከዚያ ለጋጋሪዋ ጊዜ ስጪ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ነውና ይህን መንገድ የመረጥሽው አንቺ ነሽ፣ እሾሁንም የምትነቅዪው አንቺ ነሽ። ገዢ ዘግይቶ ይመጣ ይሆናል፤ ላይመጣም ይችላል። ይህን እያወቅሽ ግቢበት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልሽ። ዐውደ ርእይ ያዘጋጀሽ ዕለት የጥሪ ካርዱን መጀመሪያ ለአምባሳደሩና ለጋዜጠኛው አትላኪ። ጉልቷ ድረስ፣ ምጣዷ ድረስ፣ ሊስትሮው ሣጥን ድረስ በእጅሽ ወስደሽ ስጪ። የሥራ ሰዓታቸው የሚፈቅድላቸውን ቀን ጠይቀሽ በሩን በዚያ ቀን ክፈቺ። ከሥዕሉ ሥር «እንጀራ ጋጋሪ» ብለሽ አትጻፊ፤ ከፈቀደች ስሟን ከነአባቷ ጻፊላት።